አያቴን ሊያሳምርልኝ የነበረው ፎቶ ቤት

የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ነገሩም በስተመጨረሻ ተስተካክሏል። ደሴ፣ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ፣ ከሥሩ ጫማ የሚሸጥበት ብላችሁ ብትፈልጉም አታገኙትም፤ እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ያሠራሁት የድሮ ፎቶ እድሳት ነው። አሁን አሁን ሰው ሁሉ የእናት የአባቱን ፎቶ ከሣጥን እያወጣ ያሳድሳል። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት እኔ የገጠመኝን ብትሰሙ አይከፋም።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። የምሠራው ትምህርት ቤት ሪከርድ ቢሮ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጉርድ ፎቶ ስለጥፍ፣ በስቴፕለር ስመታ፣ ጥጉ ላይ ማህተም ሳሳርፍ ኖሬያለሁ። አራት ጉርድ ፎቶ አምጣ ተብሎ ሦስት ይዞ የሚመጣውን ተማሪ ገና ከበር አውቀዋለሁ። ስለ ፎቶ ትንሽ አፍ አለኝ ለማለት ነው።

ያሳደስኩት የእናቴን አባት ነው። ያለን የእሱ ፎቶ ይህች ብቻ ናት፤ ሌላ ተነስቶም አያውቅ። ፖስት ካርድ የምታክል፣ ጥቁርና ነጭ፣ በ1950ዎቹ እዚሁ ደሴ የተነሳት። ቆሟል። ቀኝ እጁን የወንበር መደገፊያ ላይ ጣል አድርጓል። ኮቱ የእሱ አይደለም፣ የፎቶ ቤቱ ነው። ያን ጊዜ አንድ ኮት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የመጣው ሁሉ እሱን እየለበሰ ይነሳ ነበር አሉ። እጅጌው አጥሮታል። የሸሚዙን አንገት አልቆለፈም። መቆለፍ አይችልም ነበር።

ከግራ ጆሮው ሥር የሚነሳ ጠባሳ አለው። አንገቱን ይዞ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ ይገባል። ጠባሳ ስል እንደ ቢላ ቁስል አንድ መስመር አይደለም። ቆዳው እሳት እንደነካው ፌስታል ተጨማድዷል፤ እዚህ ጋ ነጣ፣ እዚያ ጋ ጠቆር ይላል። ወንበሩን የያዘው እጁ ጀርባም እንዲሁ ነው። ልጅ ሆኜ ጭኑ ላይ ስቀመጥ ጣቴን እዚያ ላይ ማንሸራተት እወድ ነበር። አንዱ ጋ ለስላሳ፣ አንዱ ጋ ሻካራ። ዝም ይለኛል።

ይህን ያገኘው በ1928 ዓ.ም. ነው። ሲዘምት ሃያ ዓመት አልሞላውም። ወታደር ልበለው እንጂ የአገሩ ባላባት ስንቅ ተሸካሚ ነበር፤ በሶና ቆሎ የሞላ ስልቻ በጀርባው፣ በባዶ እግሩ። ስናድር ጠመንጃ የያዘው ኋላ ነው፣ ባለቤቱ ሲወድቅ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ከተማው ውስጥ ነበር። ጃንሆይም እዚሁ ነበሩ። ቀይ መስቀል የዘረጋው የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። አያቴ ስለዚያ ቀን ብዙ አያወራም። «ያስ ድምፅ ነበረው» ይላል። አውሮፕላኑን ትሰማለህ፣ ቦምቡን ትሰማለህ፣ ትበተናለህ። እሱ የሚፈራው ድምፅ የሌለውን ነው።

መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተዋጉ። ከዚያ ጦሩ ወደ ኮረም ሲያፈገፍግ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ማለፍ ነበረበት። አውሮፕላን መጣ። ቦምብ ነው ብለው ተበተኑ። የወረደው ግን ካፊያ ነው። «ዘይት ዘይት የሚል ካፊያ» ይለው ነበር። አንገቱ ላይ ሲያርፍ አላቃጠለውም። በእጁ ጠረገው። በኩታው ደገመው። ማታ ላይ ነው የተነሳበት፣ ውኃ እየቋጠረ፣ እንቁላል እንቁላል የሚያክል። የጠረገበት እጁም አብሮ ተላጠ። ሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ሥራው እንዲህ ነው። ሲነካ ዝም ይላል፣ ከሰዓታት በኋላ ቆዳውን ያነሳዋል። ልብስ አልፎ ይገባል። መሬት ላይና ሣር ላይ ይቆያል፤ ከነዚያ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጫማ አልነበራቸውም። ከቁስሉ የተረፈው በሬትና በለጋ ቅቤ ነው፤ ሌላ መድኃኒት አላየም።

እሱ «መርዙ» ብቻ ነው የሚለው። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው ይል ነበር። ስለዚህ እሱ ባለበት ነጭ ሽንኩርት አይከተፍም። ሴት አያቴ፣ እማማ፣ ጎረቤት ሄዳ ወቅጣ በቅጠል ጠቅልላ ትመጣና ቶሎ ወጡ ውስጥ ትጨምራለች። እሱም እያወቀ ዝም ይላል። ካፊያ ሲጀምር ደግሞ ከብቱን ትቶ መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ቤት ያስገባል። ሌላው አባት የሚያደርገው የተገላቢጦሹን ነው።

ጣሊያን መርዝ ጋዝ አልጠቀምም ብለው ጄኔቭ ላይ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች። መጠቀሟን መንግሥቷ በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት ቆጥራችሁ ድረሱበት። አያቴ ያን ሳይሰማ ሞቷል። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቤት ማስረጃ ያ አንገት ነበር።

ወደ ፎቶ ቤቱ ልመለስ።

ፎቶዋ በጣም ተጎድታ ነበር። ጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ እናቴ ከልጆቹ ሰርተፍኬት ጋር ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ወገቧ ላይ አሰረቻት። ዝናብም ላብም ገባባት። ተመልሰን ስንፈታት ሻግታለች፣ መሃሏ ተሰብሯል። ስለዚህ ዘንድሮ ቆርጬ ወሰድኳት። ምክንያቱ አክስቴ ናት። ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ከአያቴ ልጆች የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ «ሳልታወር በትልቁ አሳይኝ» አለችኝ።

የተቀበለኝ ልጅ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ግድግዳው ላይ ናሙና ተደርድሯል። ሙሽሮች። ምርቃት። የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች፣ ብዙ ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የተነሱት የታወቀው ፎቶም አለ፣ ቀለም ተቀብቶ። ቦምቡ ቢጫ ሆኗል።

ልጁ ፎቶዬን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ በስልኩ ሊያነሳት ፍላሹን አበራ። እዚህ ላይ መጀመሪያ ተጋጨን። የድሮ ፎቶ ያብረቀርቃል፣ ፍላሽ ሲመታው መሃሉ ይነጣል። ስካነሩ እኮ አጠገቡ ነው! ላዩ ላይ የቡና ስኒ ተቀምጦበታል። ስኒውን አንስቼ «በዚህ» አልኩት። ሳቀና ስካን አደረገው።

«ማዘር፣ አርበኛ ናቸው እንዴ?»

«ማይጨው ዘምቷል።»

«እንግዲያው የአንበሳ ጎፈር እናድርግላቸዋ! ሜዳልያም አለን።» ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። እውነትም አለ። ጎፈር በሦስት ዓይነት፣ ሜዳልያ በረድፍ፣ ከኋላ የሚውለበለብ ባንዲራ፣ ጋሻና ጦር። አምስት መቶ ብር ተጨማሪ።

«ሜዳልያ አልተሸለመም» አልኩት።

«ችግር የለውም ማዘር፣ ሁሉም ያስደርጋል።»

አያቴ ጎፈር ሊያደርግ ይቅርና ማይጨው ሲደርስ ኩታው እንኳ የተዋሰው ነበር። ጎፈሩ ይቅር፣ ሜዳልያው ይቅር፣ ቀለምም አትቀባ፣ ቆሻሻውን ብቻ አጽዳልኝ አልኩት። ያልኩት ይህንኑ ነው። «ቆሻሻውን አጽዳልኝ»። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው።

ለእድሳቱ ስምንት መቶ፣ ለትልቁ ህትመትና ለፍሬሙ አንድ ሺህ አራት መቶ፣ ግማሹን በቴሌብር ቅድሚያ። በሦስተኛው ቀን ይምጡ ብለው በሦስተኛው ቀን አደረሱ። ይህን አመሰግናለሁ፤ ደሴ ውስጥ ልብስ ያሰፋ ሰው ይረዳኛል።

በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። የመጨረሻው ሐይቅ የሚሄድ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ሳልፈታው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረርኩ። አክስቴ ቤት ነው የፈታሁት። ዓይኗ አጠገብ አስጠግታ አየችው። መስኮቱ ጋ ሄዳ ደግማ አየችው።

«ቆንጆ ሰው ነው» አለች። «የማን ቤት ልጅ ነው?»

ቀና ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ፊቱ ተልጦ እንደተቀቀለ እንቁላል ለስልሷል። ግንባሩ ላይ አንድ መስመር የለም። አንገቱ የሕፃን አንገት ነው። እጁማ፣ ቅባት የተቀባ የሙሽራ እጅ። ቆሻሻው ጸድቷል፤ ከቆሻሻው ጋር አሸንጌም፣ መርዙም፣ ስድሳ ዓመት የካዱንም ነገር አብሮ ጸድቷል። ጣሊያን ስትፈልገው የኖረችውን፣ የፒያሳው ልጅ በአንድ አፍታ ጨረሰላት። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳቅ ቀደመኝ፣ ከዚያ ተናደድኩ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ፎቶ ቤቱ። ልጁ ደነገጠ። «ያሉኝን እኮ ነው ያጸዳሁት ማዘር። እኔም አይደለሁም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ነው።» እውነቱን ነው። አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ማሽኑ ፊት ያያል፣ በዚያ ፊት ላይ መኖር የለበትም ያለውን ሁሉ ያነሳል። ጠባሳና ሻጋታ ለእሱ አንድ ናቸው። ግን ልጁ አንድ ትልቅ ነገር አድርጎ ነበር፤ የመጀመሪያውን ስካን አላጠፋውም። ሌላ ቦታ ቢሆን ይኸኔ ጠፍቶ ነበር። ለዚህች ብቻ ቢሆን አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

የፕላስቲክ በርጩማ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። «እሺ፣ አንድ በአንድ እንሂድ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ አጠፋለሁ።» ስክሪኑ ላይ አንገቱን አቀረበው። በሕይወቴ እንዲያ ቀርቦ አይቼው አላውቅም፣ ጭኑ ላይ ተቀምጬም ቢሆን።

«ይሄ ክብ ክቡ?»

«ሻጋታ ነው። አጥፋው።»

«ይሄስ፣ ነጩ?»

«እሱ አንገቱ ነው። ተው።»

«ይሄ መስመር?»

«እጥፋት ነው፣ እናቴ ወገቧ ላይ ስታስረው የተሰበረው። አጥፋው።»

«ይሄኛው መስመርስ?»

«እሱ ቆዳው ነው። ተው።»

እንዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ፈጀን። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ ቡና አስመጣልኝ። ግራ ጥጉ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳና ዝገት አገኘን። ልጁ ግራ ገባው፣ እኔ ግን ገና ሳየው አወቅሁት። ስቴፕለር! አያቴ በእርጅናው ለአርበኞች የሚሰጥ ድጎማ አለ ተብሎ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ፎቶዋን ማመልከቻው ላይ መቱበት፣ ከዓመት በኋላ ምስክር ይጎድላል ብለው ከነስቴፕለሯ መለሱለት። ምስክሩ አንገቱ ላይ ነበር። ሙያዬ ሆኖ ትንሽ አሳዘነኝ፣ ግን አጥፋው አልኩት።

ልጁ ማይጨውን ያውቃል፣ በትምህርት ቤት የተማረው አንድ አንቀጽ ነው። መርዙ ከሰማይ መውረዱን አያውቅም። አንገቱን እያስተካከለ «ታዲያ ለምን አልሸሹም?» አለኝ። ካፊያ ይመስል እንደነበር ነገርኩት። እጁ ማውሱ ላይ ቆመ። ቆይቶ ግድግዳውን በአገጩ አሳየኝና «ከታች በስተቀኝ ያለው ወንድሜ ነው» አለ። የደንብ ልብስ ከለበሱት አንዱ ነው። ፊቱ ለስልሷል፣ ከኋላው ባንዲራ አለ። አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልጨመረም።

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታም። ከቀኝ ዓይኑ ሥር፣ ጉንጩ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ሻጋታ ትሁን፣ የእሱ ትሁን፣ እኔም አላውቅም። አክስቴ ጋ ደወልን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን።

«ከቀኝ ዓይኑ ሥር? ወላሂ እሱን እንጃ። በእመቤቴ አላስታውሰውም።» አክስቴ በሁለቱም ነው የምትምለው፣ ወሎ ነን። «ዓይኑ ሁልጊዜ ያለቅስ ነበር፣ ከመርዙ ወዲህ። እሱን እየጠረገ ጥቁር ብሎበት ይሆናል። ተዉት ባካችሁ።»

ተውነው።

ሁለተኛው ህትመት ሲወጣ ሌላ ጉድ። ጥቁርና ነጭ መሆን ያለበት አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። የቀለም ፕሪንተር ግራጫውን ከሌሎች ቀለሞች ስለሚቀላቅለው እንዲህ ያደርጋል። ልጁ ራሱ አይቶ ሳልናገር ቀደደውና በጥቁር ቀለም ብቻ ደግሞ አተመው። ለድጋሚው ሥራ አምስት ሳንቲም አልጠየቀኝም። ልከፍል ስል «ማዘር ያሳፍራል» አለኝ።

ፍሬሙ ግን ደካማ ነው። ጀርባው ካርቶን ነው፣ ማንጠልጠያው ቀጭን ሽቦ፣ ባጃጅ ላይ ስንገጫገጭ መስታወቱ ላላ። ፍሬሙን ሌላ ቦታ አሠሩ። ህትመቱን ግን እዚያው። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ መብራት ሳይጠፋ። በስልክ ላንሳው ካሏችሁ እንቢ በሉ፣ ስካን ይደረግ። አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ ሥራውን ለማሽን ትተው ሻይ ሊጠጡ እንዳይሄዱ። «አጽዳልኝ» አትበሉ፣ የሚጸዳውን በጣት አሳዩ። ያለቀውን ደግሞ በቴሌግራም ሲልኩላችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ሁሉንም ደምሬ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ብትጠይቁኝ ኖሮ አንድ።

ቅዳሜ ለታ እንደገና ሐይቅ ወሰድኩት። አክስቴ ስትይዘው ፊቱን አላየችም። መስታወቱ ላይ በጣቷ ከጆሮው ሥር ጀምራ ወረደች፣ እኔ ልጅ ሆኜ እንደማደርገው፣ እስከ ሸሚዙ። «ኮሌታውን አልቆለፈም» አለች። እኔ ደግሞ እሷም ጭኑ ላይ ትቀመጥ እንደነበር ያን ቀን ነው የገባኝ።

ልጇ ሳሎኑ ውስጥ ጥሩ ቦታ መርጦ ሚስማር መታ፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ያለበት። ሰቀልነው። ቡና እየተፈላ፣ ምሳ እየተሠራ ነው። አክስቴ ቁጭ ብላ ስታየው ቆየችና ፊቷ ተቋጠረ።

«እዚያ አይሆንም» አለች።

«ምነው? ብርሃኑ እኮ ጥሩ ነው።»

«የማድ ቤቱ በር ነው ፊት ለፊቱ። ነጭ ሽንኩርቱ ይሸተዋል።»

ሚስማሩን ነቅለን ወደ መስኮቱ በኩል አዛወርነው።